የድምፅ መዝገብ ቤት

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶች ብሂል ለታሪክ፣ ለሕግና ለርስት ጉዳይ ሁሉ ሲጠቀስ ኖሯል። ነገር ግን ጽሑፍ ሊይዘው የማይችል አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የሰው ድምፅ ነው። የዘፋኙን ግጥም ጸሐፊ ይገለብጠዋል፤ ዜማውንም ኖታ የሚያውቅ ሰው በመስመር ላይ ያሰፍረዋል። የጉሮሮውን ሻካራነት፣ ትንፋሹ የሚቆረጥበትን ሥፍራ፣ ጣቱ በክሩ ላይ የሚዘገይበትን ቅጽበት ግን ብዕር አይዘውም። ይህን የሚይዘው ሸክላ ነው።

ሸክላም ቢሆን ብቻውን አይጠቅምም። ሸክላ የንግድ ዕቃ ነው፤ ለማስቀረጽ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ገንዘቡን የሚያወጣው ሰው ደግሞ የማንን ድምፅ እንደሚያስቀርጽና የማንን እንደሚተው የሚመርጠው እርሱ ነው። በመሥሪያ ቤት የሚያገለግል ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በመዝገብ ያልገባ ጉዳይ እንዳልተደረገ ይቆጠራል። እንግዲህ የአንድ ሕዝብ ድምፅ መዝገብ ውስጥ እንዲገባ ወይም እንዲቀር የሚወስነው ማን ነው? በምንስ ሚዛን ይወስናል? ይህን ጥያቄ ለመመርመር በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ የሚገኘውን፣ ጃዝንና ብሉዝን ብቻ ለማሳተም የቆመውን ዴልማርክ የተባለ አነስተኛ የሸክላ አሳታሚ ቤት ታሪክ እንመለከታለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ብሉዝ በአሜሪካ ደቡብ ክፍል፣ በተለይም በሚሲሲፒ የጥጥ እርሻዎች አካባቢ፣ ከባርነት የወጡት ጥቁር አሜሪካውያንና ልጆቻቸው ከሥራ ዜማና ከመንፈሳዊ መዝሙር አዋሕደው ያበጁት ዘፈን ነው። እንጉርጉሮ ብንለው አንባቢያችን ጠባዩን በቶሎ ይረዳዋል። ዘፋኙ አንድ ስንኝ ይላል፤ ያንኑ ይደግመዋል፤ በሦስተኛው መልሱን ያመጣል። የሚናገረውም ስለ ፍቅር፣ ስለ ድህነት፣ ስለ መንገድና ስለ ስደት ነው። ጃዝ ደግሞ በኒው ኦርሊንስ ከተማ ያደገ ሲሆን፣ ተጫዋቹ የተሰጠውን ዜማ ይዞ ተነሥቶ በዚያው ቅጽበት ከልቡ አዲስ ዜማ የሚፈጥርበት ሙዚቃ ነው። ሁለቱም ሙዚቃዎች ከባለቤቶቻቸው ጋር ወደ ሰሜን ተጉዘዋል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አንሥቶ እስከ 1970 ድረስ ስድስት ሚሊዮን ያህል ጥቁር አሜሪካውያን ደቡቡን ለቀው ወጥተዋል። ከሚሲሲፒ የተነሡት ብዙዎቹ በባቡር ቺካጎ ገብተው በሥጋ ማረጃውና በብረት ፋብሪካው ሥራ ያዙ። ጊታራቸውንም ይዘው መጡ፤ የከተማው ጫጫታ ስለ በዛባቸውም ከኤሌክትሪክ ጋር አያያዙት። የቺካጎ ብሉዝ የተባለው በዚህ ዓይነት ተወለደ።

የሸክላ ነጋዴዎች የጥቁሮችን ሙዚቃ ዋጋ የተረዱት ዘግይተው ነው። በ1920 ማሚ ስሚዝ የተባሉት ዘፋኝ ኦኬ ለተባለው ኩባንያ የዘፈኑት ብሉዝ ከተጠበቀው በላይ በመሸጡ፣ ሌሎቹ ኩባንያዎችም ተከትለው ወደ ደቡብ ሰው እየላኩ ዘፋኝ ማስፈለግ ጀመሩ። ሸክላዎቹን ግን ለጥቁር ገዢዎች ብቻ በተለየ ዝርዝር ያወጧቸው ነበር። በ1929 የኢኮኖሚው ውድቀት ሲመጣ ገበያው ተሰበረ፤ ኩባንያዎቹም ብዙዎቹን ዘፋኞች ተዉአቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ሸክላ የሚሠራበት ሙጫ አነሰ፤ ከ1942 እስከ 1944 ደግሞ የሙዚቀኞች ማኅበር ከኩባንያዎቹ ጋር ተጣልቶ አባሎቹ እንዳይቀረጹ ከለከለ። ስለዚህ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ድምፃቸው በየቤቱ ይሰማ የነበሩ ሰዎች ከሃያ ዓመት በኋላ የት እንዳሉ እንኳ የሚያውቅ ጠፋ። መዝገቡ ተከፍቶ ነበር፤ ነገር ግን ትርፍ ሲቀንስ ተዘጋ።

የዴልማርክ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ቦብ ኬስተር በ1932 በካንሳስ ግዛት በዊቺታ ከተማ ተወለዱ። ለትምህርት ወደ ሴንት ሉዊስ ዩኒቨርሲቲ በሄዱ ጊዜ ከትምህርታቸው ይልቅ አሮጌ ሸክላ መሰብሰብ ልባቸውን ማረከው፤ በተማሪዎች መኖሪያ ክፍላቸው ውስጥ ሆነውም በፖስታ ይነግዱ ጀመር። ቀጥሎም ከአንድ ጓደኛቸው ጋር የሸክላ ሱቅ ከፈቱ። በ1953 ዊንዲ ሲቲ ሲክስ የተባለውን የቀድሞውን ዓይነት ጃዝ የሚጫወት ባንድ አስቀርጸው የመጀመሪያ ሸክላቸውን አወጡ። አሳታሚ ቤቱንም በከተማው ውስጥ በሚገኝ ጎዳና ስም ዴልማር አሉት፤ ኋላ በመጨረሻው ላይ አንድ ፊደል ተጨምሮ ዴልማርክ ተባለ።

ጊዜውም ለእንዲህ ያለ አነስተኛ ቤት የተመቸ ሆኖ ነበር። በ1948 ኮሎምቢያ የተባለው ኩባንያ በደቂቃ ሠላሳ ሦስት ከሲሶ ጊዜ የሚዞረውን ረጅም ሸክላ አውጥቷል። የቀድሞው ሸክላ በአንድ ገጹ ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ሲይዝ፣ አዲሱ ግን ሃያ ደቂቃና ከዚያም በላይ ይይዛል። አጭሩ ሸክላ በራዲዮና በየመሸታ ቤቱ ሣንቲም እየተጨመረበት በሚዘፍነው ሣጥን አማካይነት በአንድ ወቅት ተሸጦ የሚያልቅ ነበር። ረጅሙ ሸክላ ግን እንደ መጽሐፍ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ገዢውን ዓመታት ሊጠብቅ ይችላል። ኬስተር የተመረኮዙት በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

በሴንት ሉዊስ ሳሉ የመጀመሪያው ትልቅ ሥራቸው የተረሱትን ሽማግሌዎች መፈለግ ነበር። ስፔክልድ ሬድ በመባል የታወቁት ፒያኖ ተጫዋች በ1929 ስመ ጥሩ ሸክላ አሳትመው ሳለ፣ በዚያው ከተማ ሰው ሳያስታውሳቸው ይኖሩ ነበር። ኬስተር እርሳቸውን አግኝተው እንደገና አስቀረጿቸው። ዘጠኝ ክር ባለው ጊታራቸው የሚታወቁትንና ከከተማ ወደ ከተማ ሲዞሩ የኖሩትን ቢግ ጆ ዊልያምስንም እንዲሁ አስቀረጹ። ቢግ ጆ ከዚያ በኋላ ለቤቱ እንግዳም ቤተ ሰብም ሆኑ፤ ቺካጎ ሲመጡ በሱቁ ምድር ቤት የሚያድሩበት ጊዜ ነበር።

በ1958 ኬስተር ወደ ቺካጎ ተዛወሩ፤ በሚቀጥለውም ዓመት አንድ የቆየ የሸክላ ሱቅ ገዝተው ጃዝ ሬኮርድ ማርት አሉት። ይህ ሱቅ ለታሪካችን ዋና ነገር ስለ ሆነ አሠራሩን ማስረዳት ይገባናል። ሱቁ የዴልማርክን ብቻ ሳይሆን የማንኛውንም አሳታሚ የጃዝና የብሉዝ ሸክላ ይሸጣል። ከዚህ ሽያጭ የሚተርፈው ገንዘብ አዲስ ሸክላ ማስቀረጫ ይሆናል። የተቀረጸው ሸክላ በዓመቱ ባይሸጥም አሳታሚው አይወድቅም፤ የዕለት እንጀራው ከሱቁ ነውና። ዕቃውም ከመደርደሪያ አይነሣም፤ በዓመት ጥቂት እየተሸጠ ወጪውን ቀስ በቀስ ይመልሳል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንዲሉ፣ ትልልቆቹ ኩባንያዎች በወራት የሚመዝኑትን ሽያጭ ኬስተር በአሥርት ዓመታት መዘኑት። ምርጫቸው ነፃ የሆነውም ስለዚህ ነው፤ የሚቸኩል ገንዘብ አልነበራቸውም።

የዚህ ትዕግሥት ፍሬ በስሊፒ ጆን ኤስቲስ ታሪክ ይታያል። ኤስቲስ ከ1929 ጀምሮ ለትልልቆቹ ኩባንያዎች የዘፈኑ የቴነሲ ሰው ናቸው። ዘፈኖቻቸው ስለ መንደራቸው ነበሩ፤ ስለ ጠበቃው፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ጎርፉና ስለ እሳት ቃጠሎው ይዘፍኑ ነበር። ከጦርነቱ ወዲህ ድምፃቸው ስለ ጠፋ የብሉዝ ወዳጆች ሞተዋል ብለው ደምድመው ነበር። በ1962 ግን ፊልም ለማንሣት ወደ ደቡብ ከወረደ ሰው ወሬ ደረሰ። ኤስቲስ በብራውንስቪል ከተማ አጠገብ ዐይናቸው ጠፍቶ በከባድ ድህነት ይኖሩ ነበር። ኬስተር ወደ ቺካጎ አስመጥተው፣ ከጥንት ባልንጀራቸው ከአርሞኒካ ተጫዋቹ ከሃሚ ኒክሰን ጋር አስቀረጿቸው። በ1964 ኤስቲስ በኒውፖርት የባህል ዘፈን በዓል ላይ ቆመው ዘፈኑ፤ በዚያው ዓመትም በኤውሮፓ ተዘዋወሩ፤ በ1974 እስከ ጃፓን ደረሱ። ሞቷል የተባለ ሰው ተነሥቶ ዓለምን ዞረ።

ይሁን እንጂ የአሳታሚው ሥራ ያለፈውን ማንሣት ብቻ ቢሆን ኖሮ ቤቱ ሙዚየም ሆኖ በቀረ ነበር። ኬስተር በየምሽቱ በደቡብና በምዕራብ ቺካጎ ባሉት የጥቁሮች ሰፈሮች እየዞሩ በየመሸታ ቤቱ የሚዘፈነውን ያዳምጡ ነበር። ከነዚህ አንዱ በምድር ቤት የነበረው የቴሬዛ መሸታ ቤት ሲሆን፣ በዚያ አርሞኒካ ይነፋና ይዘፍን የነበረው ባንድ የጁንየር ዌልስ ነበር። በመስከረም 1965 ኬስተር ዌልስን ከነባንዳቸው ወደ ስቱዲዮ አስገብተው፣ በመሸታ ቤት እንደሚጫወቱት ይጫወቱ ዘንድ፣ ስለ ሦስት ደቂቃ ገደብም ሆነ ስለ ራዲዮ እንዳያስቡ ነገሯቸው። በሁለት ቀን ውስጥ ሥራው አለቀ። የጊታሩ ድምፅ ማጉያ በመካከል ስለ ተበላሸባቸው ጊታሩን በኦርጋን ድምፅ ማጉያ በኩል አሳለፉት፤ ያም ለአንዳንዱ ዘፈን እንደ ውሃ የሚንቀጠቀጥ ልዩ ድምፅ ሰጠው። ጊታር ተጫዋቹ በዲ ጋይ ነበሩ። እርሳቸው ግን ከሌላ ኩባንያ ጋር ውል ይኖርባቸዋል ተብሎ ስለ ተሠጋ፣ በመጀመሪያው እትም ሽፋን ላይ «ወዳጃዊ ሰው» በሚል ትርጉም ባለው የተውሶ ስም ተጻፉ።

«ሁዱ ማን ብሉዝ» የተባለው ይህ ሸክላ የቺካጎን የመሸታ ቤት ምሽት እንዳለ ወደ ረጅም ሸክላ ካስገቡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፤ ከዴልማርክ ሥራዎችም ሁሉ የበለጠ የተሸጠው እርሱ ነው። በዓመቱ በራዲዮ ዝናን ያተረፈ አልነበረም፤ ዓመት በዓመት ሲሸጥ ኖሮ ነው እዚህ ማዕርግ የደረሰው። በ1967 የማጂክ ሳም «ዌስት ሳይድ ሶል» ተከተለው። ማጂክ ሳም በ1969 በሠላሳ ሁለት ዓመታቸው በልብ ሕመም በድንገት አረፉ። በሕይወታቸው ሳሉ ለዴልማርክ ያወጧቸው ረጅም ሸክላዎች ሁለት ብቻ ናቸው። እነዚያ ሁለቱ ባይቀረጹ ኖሮ ከምዕራብ ቺካጎ ታላላቅ ድምፆች የአንዱ መታሰቢያ ጥቂት አጫጭር ሸክላዎች ብቻ በሆኑ ነበር። ለማስቀረጽ መዘግየት ማለት አንዳንድ ጊዜ ለዘለዓለም ማጣት ማለት እንደ ሆነ ከዚህ እንረዳለን።

በዚሁ ዘመን በቺካጎ ሌላ ነገር እየተወለደ ነበር። በ1965 ፒያኖ ተጫዋቹ ሙሃል ሪቻርድ ኤብራምስና ባልንጀሮቻቸው የጥቁር ሙዚቀኞችን ማኅበር አቋቋሙ። ዓላማቸው አባሎች የየራሳቸውን አዲስ ድርሰት እንዲያቀርቡ፣ ዝግጅታቸውን ራሳቸው እንዲያሰናዱና ወጣቶችን በነፃ እንዲያስተምሩ ነበር። ሙዚቃቸው ግን ከተለመደው ጃዝ እጅግ የራቀ ሆነ፤ ዝምታን እንደ ድምፅ፣ ፉጨትንና ደወልን እንደ ሙዚቃ መሣሪያ ይቆጥሩ ነበር። ይህን ሙዚቃ ከቤታቸው ያስገቡት ደግሞ የቀድሞውን ጃዝ በመውደድ የጀመሩት ኬስተር ናቸው። በሱቁ ይሠሩ በነበሩት በቸክ ኔሳ አማካይነት በ1966 የሮስኮ ሚቸል «ሳውንድ» ተቀረጸ፤ ትርጉሙም «ድምፅ» ማለት ነው። የጆሴፍ ጃርማንና የኤብራምስም ሥራዎች ተከተሉ። በ1971 የወጣው የአንተኒ ብራክስተን «ፎር አልቶ» ሁለት ሸክላ ሙሉ አንድ ሳክስፎን ብቻውን ያለ አጃቢ የሚሰማበት ነው፤ እንዲህ ያለ ሥራ ከዚያ በፊት አልታየም ነበር። የሒሳብ ሹም ብቻውን ቢጠየቅ ኖሮ ከእነዚህ አንዱንም ባልፈቀደ ነበር። ሆኖም ዛሬ የሃያኛው መቶ ዓመት የአሜሪካን ሙዚቃ ታሪክ የሚጽፍ ሰው እነዚህን ሸክላዎች ሳይጠቅስ ሊያልፍ አይችልም።

አሁን ንጽጽር እናድርግ። ዴልማርክ በተቋቋመበት በ1953 ቪ ጄይ የተባለ ሌላ አሳታሚ ተመሥርቶ ነበር፤ መሥራቾቹም ቪቪያን ካርተርና ጄምስ ብራክን የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን ባልና ሚስት ናቸው። ቪ ጄይ ታላላቅ የብሉዝ ዘፋኞችን ይዞ በፍጥነት አደገ። በ1963 ቢትልስ የተባሉትን የእንግሊዝ ወጣቶች ሸክላ በአሜሪካ ያወጣው እርሱ ነው፤ በሚቀጥለውም ዓመት ሽያጩ በሚሊዮን ተቆጠረ። ይሁን እንጂ ዕድገቱ ከአቅሙ በላይ ስለ ሆነ፣ ክርክሩና ዕዳው ተደራርቦበት በ1966 ከሰረ። የቺካጎ ብሉዝ ታላቁ ቤት ቼስም በ1969 ለሌላ ኩባንያ ተሸጠና ብዙም ሳይቆይ ሥራው ቆመ። በእነዚህ ላይ መፍረድ አይገባም፤ ያለ እነርሱ የቺካጎ ብሉዝ ለዓለም ባልተሰማ ነበር። ነገር ግን ለብዙ ገዢ የተሠራ ቤት ብዙ ገዢ ሲያጣ እንደሚፈርስ፣ ለጥቂት ጽኑ ገዢ የተሠራ ቤት ግን እንደሚቆይ ታሪካቸው ያስረዳል።

የዴልማርክ ሱቅ ትምህርት ቤትም ነበር። አርሞኒካ ተጫዋቹ ቻርሊ መስልዋይት በዚያ በሻጭነት አገልግለዋል። በ1970 በቺካጎ ሊቪንግ ብሉዝ የተባለውን መጽሔት ከመሠረቱት ወጣቶች መካከልም በዚሁ ሱቅ ዙሪያ የተገናኙ ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ ብሩስ ኢግላወር በዴልማርክ ዕቃ ላኪ ሠራተኛ ሳሉ፣ ሃውንድ ዶግ ቴይለር የተባሉት ጊታር ተጫዋች እንዲቀረጹ ኬስተርን ቢለምኑ እሺ አላሏቸውም። ስለዚህ ኢግላወር በውርስ ባገኙት ገንዘብ በ1971 ራሳቸው አስቀረጿቸው፤ አሊጌተር የተባለው አሳታሚ ቤትም ከዚያ ተነሣ፤ ኋላም በብሉዝ ሥራ ከታላላቆቹ አንዱ ሆነ። አንድ ሰው ምርጫው የቱን ያህል መልካም ቢሆን ሁሉን ሊመርጥ አይችልም። መልካም ቤት የሚታወቀውም አንዱን በር ሲዘጋ ሌላውን በር የሚከፍት ሰው አሳድጎ በመገኘቱ ነው።

የዚህን ታሪክ ጥላውንም ሳናይ ብናልፍ ለእውነት ባልቆምን ነበር። ሸክላ ድምፅን ያድናል እንጂ ሁልጊዜ ባለድምፁን አያድንም። ስሊፒ ጆን ኤስቲስ ኤውሮፓንና ጃፓንን አይተው ቢመለሱም በ1977 በብራውንስቪል በድህነት ኑሮ ላይ እንዳሉ አረፉ። የጥቁር ሙዚቃን ቀርጸው ከሸጡት ቤቶች ብዙዎቹ በነጮች እጅ መሆናቸውም ያጋጣሚ ነገር አይደለም፤ ገንዘብ የሚያበድረው ባንክና ሱቅ የሚከራይበት ጎዳና ለሁሉም እኩል ክፍት አልነበረምና። የቺካጎዎቹ ሙዚቀኞች በ1965 የራሳቸውን ማኅበር ያቆሙት ይህን አውቀው ነው። መዝገብ ያዡ ታማኝ ቢሆን መልካም ነው፤ ባለጉዳዩ ራሱ መዝገቡን ቢይዝ ግን የበለጠ መልካም ነው። ሁለቱ የሚቃረኑ እንዳልሆኑም ዴልማርክና ማኅበሩ አብረው ባወጧቸው ሸክላዎች ታይቷል።

በኋለኛው ዘመን የሸክላ ንግድ ተለወጠ። ሙዚቃ በመጀመሪያ በካሴት፣ ቀጥሎ በሲዲ፣ በመጨረሻም ያለ ዕቃ በአየር የሚተላለፍ ሆነ። ጃዝ ሬኮርድ ማርት የኪራዩን መወደድ ሊቋቋም ስላልቻለ በ2016 ተዘጋ። ኬስተር በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ከዚያ ያነሰ ሌላ ሱቅ ከፈቱ እንጂ አልተቀመጡም። በ2018 አሳታሚ ቤቱን ጁሊያ ሚለርና ኤልቢዮ ባሪላሪ ለተባሉ ሁለት የቺካጎ ሙዚቀኞች ሸጡ። በግንቦት 2021 በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው አረፉ። እንግዲህ በመጨረሻ መዝገቡ በሙዚቀኞች እጅ ገባ፤ ማሳተሙም ቀጠለ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ነገር ሙዚቃን ብቻ የሚመለከት አይደለም። የሕዝብን ቅርስ ለመጠበቅ ታላቅ ሕንፃና ብዙ በጀት ያስፈልጋል ብለን የምናስብ ብዙዎች ነን፤ እነዚህ ሲገኙ እሰየው ነው። ኬስተር ግን የነበራቸው አንድ ሱቅ፣ በምሽት እየዞረ የሚያዳምጥ ጆሮና ለገበያ የማይቸኩል ልብ ብቻ ነበር። በእነዚህ ሦስቱ፣ ሞቷል የተባለው ዐይነ ስውር በሕይወት ሳለ ተሰማ፤ በሠላሳ ሁለት ዓመቱ የሚቀጠፈውም ከመቀጠፉ በፊት ተቀረጸ፤ ማንም ያልገባውን ሙዚቃ የሚጫወተውም ለሚገባው ዘመን ቆየ። መምህር በክፍሉ፣ ሹም በመሥሪያ ቤቱ፣ ተማሪም በመንደሩ ዛሬ የሚሰማውን ድምፅ ነገ እንደማያገኘው አስቦ ቢመዘግበው፣ ለሚቀጥለው ትውልድ የሚያስተላልፈው ርስት የተረጋገጠ ይሆናል። ሽማግሌው መዝገቡ እስኪከፈት ድረስ ቆሞ አይጠብቅምና።